የጋሽ ሸራ የመልቀቂያ ዘፈን

የተከበራችሁ የሟች ቤተሰቦች፣ ባለቤቱ እትዬ፣ ገመዱን ይዛችሁ የቆማችሁ ጀልባ ሳቢዎች፣ ሱቃችሁን ዘግታችሁ የመጣችሁ ነጋዴዎች፣ ከማዶ የተሻገራችሁ እንግዶች፣ እንዲሁም ድምፅ አይደርሰንም ብላችሁ ከኋላ የምታወሩ፣ ሁላችሁም እንደየማዕረጋችሁ ጤና ይስጥልኝ። ድምፄስ ይደርሳችኋል። የኔ ድምፅ ሳይደርሰው የሞተ ሰው የለም፤ ይኸው ጋሽ ሸራም ሰምቶኝ ሰምቶኝ ነው የሄደው።

ይቅርታ፣ እንዲህ ብዬ ልጀምር አላሰብኩም ነበር።

ለማታውቁኝ፣ እኔ የጀልባ መሳፈሪያው ትኬት ቆራጭ ነኝ። ትምህርቴ ሁለተኛ ደረጃን ጨረሰና እዚያች መስኮት ሥር አብሮኝ ቁጭ አለ። ከዚያ ወዲህ የተማርኩት ሁሉ በመስኮት የገባ ነው። ከገባው ደግሞ የሚበልጠውን ያስገባልኝ፣ አሁን እዚህ ሳጥን ውስጥ የተኛው ሰውዬ ነው።

አፍሬ ነው የቆምኩት። ለምን እንዳፈርኩ እንዲገባችሁ፣ ከማዶ ለመጣችሁት የኛን ሥራ ላስረዳ። የኛ ሰው ያውቀዋል፤ ይታገሰኝ።

እኛ ዘንድ ጀልባ ከውሃ የሚወጣው በሰው ክንድ ነው። አመሻሽ ላይ ጀልባው ሲመለስ፣ ሳቢዎቹ ገመዱን ግራና ቀኝ ይይዛሉ፤ አውራጁ አሸዋው ላይ ከፊታቸው ይቆማል። አውራጁ ገመድ አይነካም፤ ሥራው አፉ ነው። ግጥሙን ያወርዳል፣ ሳቢዎቹ ይቀበላሉ፣ በተቀበሉ ቁጥር ጀልባው አንድ ክንድ ይወጣል። ግጥሙ ታዲያ ሙገሳ እንዳይመስላችሁ። «ሰው ሲመሰገን ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ሲሰደብ ግን ይስባል» ይል ነበር ጋሽ ሸራ። ስለዚህ የኛ አውራጅ ማለት ሰውን በዜማ የሚያሳፍር ማለት ነው። አፍሮ የማያውቅ ሳቢ የለንም። አፍሮ የተቀየመም የለንም፤ ማለቴ፣ ከአንድ ሰው በቀር።

ከመሃላችን ሰው ሲሞት ደግሞ ሳጥኑን የሚያወርዱት እነዚሁ ሳቢዎች ናቸው፣ በዚሁ በጀልባው ገመድ። ከመውረዱ በፊት አውራጁ ለሟቹ አንድ ግጥም ያወጣለታል። ሕጉ አንድ ነው። ግጥሙ ውስጥ የሟቹ አንድ እውነተኛ ነውር መኖር አለበት። ነውሩ በሰው ፊት ይነገራል፣ ሰው ይቀበለዋል፣ ከሰውየው ጋር አፈር ይገባል። ያልተነገረ ነውር ቤት ይቀራል። ቤት የቀረ ነውር ደግሞ ልጅ ይወርሰዋል።

የሁላችንንም ሙታን በግጥም የሸኘው ማን ነው? ጋሽ ሸራ ነው። የዓሣ ነጋዴውን አባት፣ የገመድ ፈታዩን ሚስት፣ የኔን እናት ማን ሸኘልን? ጋሽ ሸራ ነው። ለሱስ ማን ያውጣለት?

ትናንት ሳቢዎቹ ጋሽ ሸራ የጀልባ ሸራ ይሰፋበት በነበረው ሸራ ቤቱ ውስጥ ተሰበሰቡ። ጫማቸውን በር ላይ አውልቀው ገቡ፣ እሱ እንዳስለመዳቸው። ሸራ ወለል ላይ ተዘርግቶ ነው የሚሰፋውና፣ እዚያ ቤት ወለሉ ከጠረጴዛ ይበልጥ ይከበር ነበር። ክብ ሠርተው ተቀመጡ። አንዱ አንዱን አየ። ማን ይሞክር ተባለ። እነዚህ ጀልባ የሚያንቀጠቅጡ ወንዶች የየራሳቸውን የእግር ጣት ሲቆጥሩ አመሹ። ለካ ሁላችንም ተቀባይ ነን። ይሄን ያህል ዓመት ተቀብለን ተቀብለን፣ ማውረድ የተማረ አንድ ሰው ከመሃላችን አልወጣም። በመጨረሻ ዓሣ ነጋዴው ምን አለ? «ምላስ ላላት ስጧት፤ ቢያንስ ቃል አያጥራትም» አለ። ሁሉም ተስማማ። ሥራ ወዳድ ሰዎች ሲስማሙ እንዲህ ያስፈራል።

እና ቆምኩ። አንደኛ፣ ግጥም ስለማልችል አፍሬያለሁ። ሁለተኛ፣ በእኛ በተቀባዮቹ አፍሬያለሁ። ሦስተኛውን እፍረቴን ወደ መጨረሻው እነግራችኋለሁ፤ አሁን ከነገርኳችሁ ዘፈኑን ሳትሰሙ ወደ ልቅሶው ትገባላችሁ። እሱ ደግሞ ሳይዘፈንለት እንዲለቀስለት የሚወድ ሰው አልነበረም።

ጋሽ ሸራን በሥራው ጊዜ ያየው ሁሉ አይረሳውም። አንቱ ስለው፣ «አንቱታውን ለመርከብ አዛዥ አቆዪው፤ እኔ መርፌ ነኝ» ይለኝ ነበር። እግሩን አጣጥፎ ወለሉ ላይ ይቀመጣል። መዳፉ ላይ ቆዳ ያስራል፤ ያን ትልቅ መርፌ በመዳፉ ነው የሚገፋው። ክሩን በሰም ያሸዋል። ኋላ ኋላ የጀልባ ሸራ የሚያሰፋ ሰው እየጠፋ፣ ሥራው የሱቅ ጥላና የጭነት መኪና ልባስ ሆነ። እሱ ግን ለመኪናው ልባስም የጀልባ ዘፈን ይዘፍንለት ነበር። «እሱም ነፋስ ይመታዋል፣ ምን አደረገ?» ይላል።

እኔን ያስተማረኝ ምሳ ሰዓት ላይ ነው። መስኮቴን ዘግቼ እሄዳለሁ፤ እሱ ይሰፋል፣ እኔ አወራለሁ። ሲሰለቸው ወሬዬን በዘፈን ያቋርጠኛል። የመሳቢያው ዘፈን ሌላ ነው፣ የመቅዘፊያው ሌላ። የመቅዘፊያው ስንኙ አጭር ነው፤ ቀዛፊ ትንፋሽ ያጥረዋላ። የሚጠብቁት ሚስቶች ዘፈን ግን ረጅም ነው። ልብስ እያሰጡ ነው የሚዘፍኑት። ልብሱ ይደርቃል፣ ዘፈኑ አያልቅም፣ ምክንያቱም ባልየው አልመጣም። ይሄኛውን ሲዘፍንልኝ አለቅስና፣ «አንቺ ባል የለሽ፣ ጀልባ የለሽ፣ ምን ያስለቅስሻል?» ይለኛል።

የመልቀቂያው ደግሞ አለ። ጀልባዋን ከአሸዋው ወደ ውሃው ሲያወርዷት የሚዘፈን። ስድብ የለበትም። ብቸኛው ስድብ የሌለበት ዘፈናችን እሱ ነው። ገመዱን በአንዴ ከለቀቅክ ጀልባዋ ትሰበራለች፤ ስለዚህ ቀስ እያልክ፣ እየያዝክ ነው የምትለቀው። ተቀባዩ የሚለውም ይሄንኑ ነው፤ «ቀስ በይ ቀስ፣ ይዘንሻል።»

በዘመኑ ዘፈን ግን ይጣላ ነበር። ይሄን ሳስብ ሳቄ ይመጣል፤ ይቅር በሉኝ። ሬዲዮኔ ላይ ስለ ባህር የተዘፈነ አዲስ ዘፈን በመጣ ቁጥር መርፌውን ያቆማል። «ዓይኗ ባህር ነው፣ ፀጉሯ ማዕበል ነው፣ ሳቋ ወደብ ነው። ይሄ ሁሉ ባህር ውስጥ አንድ የረጠበ ሰው የለም?» ይላል።

ያን የበረዶ ሻጩን ድምፅ ማጉያ ታስታውሳላችሁ? አንተ በረዶ ሻጩ፣ አትደበቅ፣ አይቼሃለሁ። ጋሽ ሸራ ጉሮሮውን ታሞ የሰነበተ ጊዜ ነው። በረዶ ሻጩ፣ «ችግር የለም፣ ዘመናዊ እናደርገዋለን» አለና ያን ሣጥን የሚያህል ማጉያ አሸዋው ላይ ተከለው። የዳንስ ቤት ዘፈን። ስለ ባህር ነው አዎ፤ ባህሩ ግን የሚሮጥ ባህር ነው። ምቱ ይፈጥናል። ሳቢዎቹ ግማሹ በምቱ ሳበ፣ ግማሹ በልማዱ ሳበ፣ ዓሣ ነጋዴው ወገቡን ያዘና ይጨፍር ጀመር። ጀልባዋ አፍንጫዋን አዙራ ቀጥ ብላ ሄዳ የበረዶ ቤቱን በር ገጨች። በሩ ወደ ውስጥ ወደቀ።

ሁላችንም አሁን ይሰድበናል ብለን ጋሽ ሸራን አየነው። አንገቱን በሻሽ ጠቅልሎ ከዳር ቆሟል። «ድገመው» አለ። በረዶ ሻጩ ፈራ። «ድገመው ስልህ፤ ዜማው ጥሩ ነው፤ ያጣው ሸክም ነው» አለ። በሚቀጥለው ሳምንት ያንኑ የዳንስ ቤት ዘፈን እንደ ቅቤ አቅልጦ፣ ጎትቶ፣ የኛን ነውር ሞልቶበት መጣ። ዛሬ በጣም የምንወደው የመሳቢያ ዘፈን ያ አይደለም? ልጆቻችን የጥንት ነው ይላሉ። ጥንቱ ያ በር የወደቀ ጊዜ ነው።

እኔንም እዚያ ዘፈን ውስጥ ነው የከተተኝ፦

ጀልባው ማዶ ደርሶ ተመልሶ ዘለቀ፣
የሷ ሰላምታ ግን ገና መች አለቀ።

ለዓሣ ነጋዴው ያወጣለትንማ ሕፃን ያውቀዋል፦

ገመዱን ሲይዘው እጁ የታመመ፣
ማዕዱ ሲቀርብ ማን እንደሱ ቆመ።

ይኸው እየሳቀ ነው። በግጥሙ እኮ ይኮራበታል፤ ለእንግዳ ራሱ ነው የሚነግረው። ጋሽ ሸራ የሰደበን ስድብ እንደ ስም ነው የተሸከምነው።

አሁን ግን ሳቃችንን እንሰብስብ። ቅድም፣ ከአንድ ሰው በቀር፣ ብያችኋለሁ።

ያ ሰው እዚህ ነው። እናቱ አጠገብ ቆሟል። የጋሽ ሸራ ልጅ፣ ወንድሜ፣ ቀና በል። ማፈር ያለብህ አንተ አይደለህም።

ያቺ አዲሷ ጀልባ የወረደች ቀን ትዝ ይላችኋል? ሸራዋን አባትና ልጅ አብረው ነበር የሰፉት። የሸራዋ ሰፊ የመጀመሪያውን ጉዞ ይሳፈር ተባለ። ጋሽ ሸራ፣ «እኔ አርጅቻለሁ፤ ልጄ ይሂድ» አለ። ልጁ እስከ ጉልበቱ ውሃው ውስጥ ገባ። የጀልባዋን ጠርዝ ያዘ። ከዚያ ቆመ። ጉልበቱ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ውሃው ግልጽ ስለነበር ሁላችንም አየነው። አንድ እግሩን ማንሣት አቃተው። ዞረና ወጣ፤ ሱሪው እየተንጠባጠበ በመሃላችን አልፎ ሄደ።

ሰው ሳቀ። አባቱን ዓይን ዓይኑን አየ። አመሻሽ ላይ ጀልባዋ ተመልሳ ገመድ ሲያዝ፣ ጋሽ ሸራ ከፊታችን ቆሞ ይቺን አወረደ፦

ጀልባ ከሩቅ አይቶ ጉልበቱ የራደ፣
የእናቱን ቀሚስ ይዞ ቤት ወረደ።

ስንት አዲስ ጀልባ ስበናል። እንደዚያ ቀን ፈጥና የወጣች ጀልባ ግን የለችም። ደጋግመን ተቀበልነው። እየሳቅን ተቀበልነው። ልጁ እቤቱ ሆኖ ይሰማል፤ ሸራ ቤቱ ከአሸዋው ዳር ነው፣ መስኮቱም ክፍት ነበር። ማን ነው ያን ቀን ያልተቀበለ? እኔ እንኳ ገመድ የማልይዘው፣ እዚያ መስኮቴ ውስጥ ሆኜ በጣቴ ምቱን እመታ ነበር። አውራጅ ብቻውን ሰው ማዋረድ አይችልም። ተቀባይ ይፈልጋል።

በነጋታው ልጁ በመስኮቴ መጥቶ ትኬት ጠየቀኝ። መሄጃ ብቻ። ጀልባው ውስጥ ዓይኑን ጨፍኖ፣ የወንበሩን ብረት በሁለት እጁ ጨብጦ ሄደ። ማዶ ተቀመጠ። እዚያ የመኪና ወንበር ይሰፋል። አንድም ጊዜ ተመልሶ አልመጣም፤ እስከ ዛሬ ጠዋት።

እናትየው ትመላለስ ነበር። እትዬ፣ ይቆጡኝ፣ ግን ልናገር። እሳቸው ሲሄዱ ልጅ ይጠይቃል፤ «አባባ ለምን አይመጣም?» እሳቸው፣ «ሥራ በዝቶበት ነው።» «ሸራ የሚሰፋ ሰው ዓመት ሙሉ ምን ይበዛበታል?» በስልክ ሲገናኙ አባትና ልጅ የሚያወሩት ስለ አየር ጠባይ ነው። «እዚያ ነፋሱ እንዴት ነው?» «ደህና ነው አባባ።» «እዚህም ደህና ነው።» በቃ። ነፋስ ነፋስ ብቻ ሲያወሩ ዕድሜ አለፈ።

ልጁ ምን ብሎ ኖረ? አባቴ ንቆኛል ብሎ ኖረ። ፈሪ ልጅ ወልዶ አፍሮ፣ ዓይኔን ማየት ጠልቶ ነው የማይመጣው ብሎ ኖረ። ዛሬ ጠዋት እቤት ጥግ አስይዤ፣ «የመሸኛ ግጥሙን ማውረድ ያንተ ነበር፤ አባትህ ከሁሉ አብልጦ ያሳፈረው አንተን ነው» ስለው ምን አለኝ መሰላችሁ? «እኔ ተቀባይ እንኳ ሆኜ አላውቅም። አንቺ በይ። ነውሩ የኔው ፈሪነት ቢሆንም እቀበላለሁ» አለኝ። የአባቱ ነውር ፈሪ ልጅ መውለዱ መስሎታል እኮ። ያኔ ነው ትናንት ሌሊቱን ሙሉ ልበለው አልበለው ስል የነበረውን ነገር ልናገር የወሰንኩት።

ሦስተኛው እፍረቴ ይሄ ነው። የሰው ምስጢር ላወጣ ነው። ወሬኛ ናት ትሉኛላችሁ፤ ልክ ናችሁ፤ ይቺን አንዷን ግን ከአፌ አስቀርቼ ነበር። እትዬን ጠይቄያለሁ። «ያወቅሽውን በይ፤ እኔ መሸፈን ደከመኝ» ብለውኛል።

ዓርብ ዓርብ ጋሽ ሸራ ሱቁን ቀደም ብሎ ይዘጋ ነበር። ይላጫል። ንጹሕ ሸሚዝ ይለብሳል። እናንተ ከሸራ ነጋዴ ጋር ቀጠሮ አለው ትሉ ነበር። ወደኔ መስኮት ነበር የሚመጣው።

«ትኬት ስጪኝ።»

«ደርሶ መልስ?»

«መጀመሪያ መሄዱን ልቻልበት።»

ትኬቱን ይይዛል። ወደ መሻገሪያው ሳንቃ ይሄዳል። አንድ እግሩን ያስቀምጣል። ሰዉ ሁሉ በጎኑ እያለፈ ይሳፈራል፤ እሱ እንደ ምሰሶ ቆሟል። ከዚያ እግሩን ያነሣል፣ ይመለሳል፣ አጠገቤ የገመድ ጥቅል ላይ ቁጭ ይላል።

«ጋሼ፣ ጀልባው ሊነሣ ነው።»

«ይነሣ፤ እኔ አስሬዋለሁ እንዴ?»

«ትኬትህስ?»

«ዘፈናቸው አስጠላኝ። እንዲህ ዓይነት ዘፈን ተዘፍኖልኝማ ልጄ ዘንድ አልሄድም።»

ጀልባው ላይ ያን የፍቅር ባህር ዘፈን ያጫውቱ ነበር፤ የረጠበ ሰው የሌለበትን። እኔ ሞኟ አመንኩት። የጀልባውን ነጂ ለመንኩ፤ የጥንት የመቅዘፊያ ዘፈን ፈልጎ እንዲያጫውት። በሚቀጥለው ዓርብ ጋሽ ሸራ ሲመጣ፣ ያ አጭር አጭሩ ዘፈን ከጀልባው ይሰማል። ቆሞ አዳመጠ። ወደኔ ዞረ።

«አንቺ ነሽ?»

«እኔ ምን አውቄ።»

ሳቅ አለ። ትከሻውን አስተካከለ። ሄደ፣ አንድ እግር፣ ሁለተኛው እግር፤ የሳንቃው እኩሌታ ደረሰ። ከመስኮቴ ተነሥቼ ቆምኩ። በሳንቃዎቹ መካከል ክፍተት አለ፤ በክፍተቱ ውሃው ይታያል። ወደታች አየ። በቃ። የሸሚዙ ጀርባ ወዲያው በላብ ራሰ። ያ ሁሉ ቀዛፊ በዘፈን እየጠራው፣ ወደ ኋላ እየዳኸ፣ አዎ፣ በእጁና በጉልበቱ እየዳኸ ተመለሰ። ሌላው ሰው ሁሉ ተሳፍሮ ወደ ውስጥ ገብቶ ስለነበር አላየውም። እኔ አየሁት።

ውሃ ሰጠሁት። ጠጣ። ኩባያውን መለሰልኝና እንዲህ አለኝ፤ «ልጄ ያን ጉልበት ከየት ያመጣው ይመስልሻል?»

ወገኖቼ፣ ገባችሁ? ባህሩን ዘፍኖ ያጠገበን ሰው፣ መቅዘፊያውን፣ መሳቢያውን፣ የመርከበኛውን ሚስት እንባ በቃሉ የያዘው ሰው፣ በሕይወቱ ጀልባ ላይ ወጥቶ አያውቅም። ያን ቀን፣ «አርጅቻለሁ፤ ልጄ ይሂድ» ያለው አርጅቶ አልነበረም። አውራጅ ገመድ አይነካም፣ ጀልባም አይሳፈር፤ ማን ይጠይቀዋል? ሰው ሲስቅና ወደሱ ሲያይ፣ ቀጥሎ እኔን ይጠረጥሩኛል ብሎ ፈራ። ከራሱ ጉልበት ላይ ዓይናችሁን ለማንሣት የልጁን ጉልበት ሰጣችሁ። ያን ግጥም የገጠመው ለራሱ ነበር፤ ያወረደው ግን በልጁ ላይ ነው።

«ንገረው። ዛሬውኑ ደውልና ንገረው» አልኩት። «በስልክ ነፋስ እንጂ እውነት አይወጣኝም» አለኝ። «እሺ እኔ ልንገርልህ» አልኩት። ተቆጣኝ። «በገዛ አፌ ነው ያዋረድኩት። በአንቺ አፍ ይቅርታ አልጠይቅም። ፊቱ ቆሜ ነው» አለኝ። ፊቱ ለመቆም ደግሞ ውሃውን መሻገር አለበት። በየብስ ቢዞር መንገዱ ሩቅ ነው፤ ከሁሉ በላይ ግን፣ «በየብስ ከመጣሁማ ጥፋቴን ሳልከፍል ደረስኩ ማለት ነው» ይል ነበር። ግትር። ስለዚህ ዓርብ ዓርብ እየመጣ፣ ትኬት እየያዘ፣ እየቆመ፣ እየተመለሰ፣ ታመመ። ከዚያም አልጋ ላይ ዋለ።

ወንድሜ፣ ስማኝ። ያ የመሣሪያ ቦርሳህ፣ እናትህ ገዝታ ያመጣችልህ የመሰለህ፣ ማታ ቤትህ ስትገባ የጠርዙን ስፌት እየው። የማን እጅ እንደሆነ አንተም ሰፊ ነህና አይጠፋህም። ብብቱ ሥር ይዞት እየመጣ፣ ሳንቃው ላይ እየደረሰ ይመለስ ነበር፤ በመጨረሻ በእናትህ እጅ ላከልህ።

አባትህ አልናቀህም። አፈረብህ እንጂ፤ ማለቴ በራሱ አፈረ፣ ባንተ ፊት።

ደግሞ ሌላም ነገር አይቻለሁ፣ ሥራዬ ማየት ነውና። ዛሬ በመጀመሪያው ጀልባ መጣህ። ዓይንህን ጨፍነህ፣ ብረቱን ጨብጠህ፣ ፊትህ አመድ መስሎ። ስትወርድ ጉልበትህ እዚያ ሳንቃ ላይ ይንቀጠቀጥ ነበር። እየተንቀጠቀጠ ግን ወረድክ። ያን ውሃ ሁለት ጊዜ ተሻግረኸዋል፤ አንዴ በኛ ሳቅ ተገፍተህ፣ አንዴ እሱን ልትቀብር። እዚህ አሸዋ ላይ የፈሪ ግጥም የተገባህ ሰው አልነበርክም። እኛ ግን ተቀበልን። ሳቢዎች፣ ቀና ብላችሁ እዩት። አጎንብሳችሁ አፈሩን አትዩ፣ እሱን እዩት። አባቱ ይቅርታውን ሳይጠይቅ ቀረ። እኛስ ምን እንጠብቃለን? ስለ ሁላችንም ልበል፤ ወንድማችን፣ አፍረናል። ይቅር በለን።

ዓሣ ነጋዴው፣ የፊተኛውን ገመድ ለሱ ልቀቅለት። አዎ፣ ያንተን ቦታ። ና፣ ወንድሜ። መዳፍህ የሰፊ ነው፤ ገመድ አይከብድህም። እንዲህ፣ በወገብህ ደገፍ አድርገው። እትዬ፣ እርስዎ እዚሁ አጠገቤ ይሁኑ።

ጋሼ፣ አሁን ካንተ ጋር ነኝ። ምስጢርህን አወጣሁ። ካዘንክብኝ እዘንብኝ፤ ግን ሕጉን ያስተማርከን አንተ ነህ። ነውርህ ቤት ቀርቶ ይሄ ልጅ እንዲወርሰው አልተውም። ብዙ አስቀኸናል። ጀልባችንን ሁሉ ያወጣው ያንተ አፍ ነው። ስንሰንፍ አሳፈርከን፣ ስናዝን ዘፈንክልን፣ የሞቱብንን አንድ በአንድ በግጥም ሸኘህልን። አንተን የሚሸኝ ግጥም ግን እንዳንተ ሊሆን አይችልም። ከትኬት መስኮት የወጣ ግጥም ነው፤ ቤት ካልመታ ጥፋቱ የኔ ነው።

ስድቡን ስትሰሙ እንዳትስቁ አልላችሁም። ከሳቃችሁ ግን ለአባትየው ነው፤ ለልጁ ስቀን ጨርሰናል። ዜማው የመልቀቂያው ነው፣ እየሳባችሁ አይደለም። እኔ ላውርድ፣ ልጁ ይቀድም፣ እናንተ ተከተሉ፦

ባህሩን ዘፍኖልን ውሃውን የፈራ፣
ልጁን ከማዶ ላይ ባይኑ እየጠራ፣
ትኬት እጁ ሳለ ጀልባው ጥሎት ሄደ፤
ዛሬ በልጁ እጅ ቀስ ብሎ ወረደ።

ተቀበል፣ ወንድሜ። ድምፅህ ቢቆራረጥ ግድ የለም፣ በል።

«ቀስ በል ቀስ፣ ይዘንሃል።»

ሁላችሁም።

«ቀስ በል ቀስ፣ ይዘንሃል።»

ልቀቁ። በአንዴ አይደለም። እየያዛችሁ ልቀቁ። ጋሼ፣ ወደታች አትይ፤ ደህና ሁን።